ከግድግዳው ወዲያ ማን አለ

ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ የተመታችው ሴት ግን ከግድግዳው ወዲያ ነበረች።

ግድግዳ ከተባለ ነው እንጂ፣ ሳሎኑን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን መኝታ ቤት ለማድረግ የተተከለ ችፑድ ነው። በሳሎኑ በኩል ቀዳዳዋ ትንሽና ክብ ናት። በመኝታ ቤቱ በኩል እንጨቱ ተፈልቅቆ ወጥቷል። ከፊት ለፊቱ የሕፃን አልጋ አለ፤ ከአልጋው ሥር ግማሹ ታጥፎ ግማሹ የተዘረገፈ የሕፃን ልብስ፣ ልብሱ ላይ ደም። ሕፃኑን ጎረቤት አቅፋ ወስዳዋለች። እናቱን አምቡላንስ ወስዷታል፤ ትተርፍ አትተርፍ የሚያውቅ የለም።

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ በቀዳዳዋ ወዲያ ማዶ አየች። አልጋው ላይ የተንጠለጠለ የጨርቅ ዓሣ ታያት። ደሟ ፈላ።

ባልደረቦቿ በሌለችበት «ክብሪት» ይሏታል። ታውቃለች፤ ከፍቷትም አያውቅም። ዛሬ ግን ገና ቤቱን ሳትዞረው ነደደች።

«ማነው የተኮሰው?»

«እኔ ነኝ» አለ በሩ ጋ በካቴና የቆመው ሰው። የተመታችው ሴት ባል ነው፤ አናጢ ነው። ቱታው ላይ የነበረው የመጋዝ ብናኝ ደም ጠጥቶ ተድቦልቡሏል። «እኔ ነኝ። ባዶ መስሎኝ ነው።»

ባዶ መስሎኝ ነው! በዚህ ሥራ ላይ የሰማችው ውሸት ሁሉ ቢሰበሰብ ይህችን አረፍተ ነገር ያህል አያናድዳትም። እውነት ስትሆን ደግሞ ይበልጥ ታናድዳለች። ባዶ መስሎት ወንድሙን የገደለ አይታለች፤ ባዶ መስሎት የገዛ ጉልበቱን የበሳ አይታለች። ሁሉም መስሏቸው ነው፤ ከፍቶ ያየ አንድም የለ።

«መስሎህ ወደ ሚስትህ አዞርከው?»

«ወደ ግድግዳው ነው ያዞርኩት።»

«ግድግዳውን ማን ሠራው?»

አናጢው አንገቱን ደፋና «እኔ» አለ።

ሳጅኑ ከመኝታ ቤቱ ብቅ አለ። ወጣት ነው፤ ሥራውን ይወዳል፤ ድምዳሜን ግን ከሥራው አብልጦ ይወዳል። «ኢንስፔክተር፣ አልጋው ሥር የተሞላ ሻንጣ አለ። የሴት ልብስ ነው። ጥላው ልትሄድ ነበር ማለት ነው» አለና ወደ አናጢው በቅንድቡ ጠቆመ።

ኢንስፔክተሯ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። የጥይት ካዝናው ከሽጉጡ ተነቅሏል፤ ከሽጉጡ በስተግራ፣ በአራት ማዕዘን በተጣጠፈ መሀረብ ላይ ተጋድሟል፤ የጥይቶቹ አፍንጫ ወደ ግድግዳው ዞሯል። የተተኮሰችው ጥይት ቀለህ ወንበር ሥር ተገኝታለች። ሁሉንም አየችው፤ አንዱም ነገር እንግዳ አልሆነባትም። ጥፋቱም እዚያ ላይ ነበር።

ቤቱ የአናጢው አይደለም። ሽጉጡም የአናጢው አይደለም። ሁለቱም የአማቱ ናቸው፤ አማትየው ደግሞ በረንዳው ላይ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ የተኩስ አሰልጣኝ ናቸው። በዚህ ከተማ ወገቡ ላይ ሽጉጥ የታጠቀ ፖሊስ ሁሉ አያያዙን የተማረው ከሳቸው ነው፤ «ጋሽ ዒላማ» የሚል ስም ያወጡላቸውም ተማሪዎቻቸው ናቸው። ሳጅኑ ገና ሲያያቸው ተረከዙን አጋጨ።

«ጋሼ፣ እግዜር ያስተርፍልዎ» አለቻቸው ኢንስፔክተሯ። እሷም ተማሪያቸው ነበረች።

«አሜን፣ ልጄ።» ሹራባቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። «ጓሮ አትክልቱን ውሃ እያጠጣሁ ነበር። ጎማውን እንደያዝኩ ሰማሁት። የራሴ ሽጉጥ እንደሆነ ከድምፁ አወቅኩ።»

«የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«እዚያ መሳቢያ ውስጥ። ሙሉውን ነው የማስቀምጠው፤ ሌባ ጥይት እስክትሞዪ አይጠብቅሽም። በዚህ ቤት እሱን የሚነካ አልነበረም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰሞኑን ቤቱ ሰላም አልነበረውም። እኔ በሰው ትዳር አልገባም እንጂ…»

አረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት። ሳጅኑ በልቡ ጨረሰላቸው።

እጃቸው ወደ ሹራባቸው የደረት ኪስ ሄዶ እዚያው ተለጠፈ።

«ልብዎን ነው እንዴ?» አለ ሳጅኑ ደንግጦ። «ውሃ ላምጣልዎ?»

«ደህና ነኝ» አሉ። እጃቸው ግን ከደረታቸው አልወረደም።

*

ጎረቤትየዋ ፀጉር ሠሪ ናት። ሕፃኑን በአንድ ጎኗ ታቅፋ በሌላ እጇ ትሠራለች። አንዲት ደንበኛ ጭንቅላቷ ላይ አረፋ እንደተከመረ ገንዳው ላይ ተጋድማ፣ ከጀሪካን በጣሳ እየተቀዳ እስኪፈስላት ትጠብቃለች።

«ጭቅጭቅማ ነበረ፣ እቴ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ሰሞኑን በየጠዋቱ ነው። ዛሬም ከጥይቱ በፊት ጮኻለች።»

«ምን ብላ?»

«ቃሉ መች ይሰማኛል? ማድረቂያው ይጮኻል፣ ሬዲዮው ይጮኻል፣ ይቺም ትጮኻለች።» በአረፋ የተጋደመችውን ደንበኛ በክርኗ ነካች። «ድምፁ ግን የሷ ነው።»

«በማን ላይ ነው የምትጮኸው?»

«በባሏ ነዋ! ያገባች ሴት በማን ላይ ትጮኻለች?»

«አባቷ ላይስ?»

«ውይ፣ ጋሼ ላይ? እሳቸውማ ወርቅ ናቸው። እንኳን ጭቅጭቅ ሳላቸውም አይሰማ።»

«ባሏ መትቷት ያውቃል?»

ፀጉር ሠሪዋ ጣሳውን አስቀመጠች። ቀልዷ ከፊቷ ጠፋ። «አይ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እሱ ሰው መምታት አይደለም ምስማር ሲመታም የሚያዝን ነው የሚመስለው። ዛሬ ግን ያየሁትን አይቻለሁ። ደም በደም ሆኖ ‹ድረሱልኝ› እያለ ሲወጣ አይቻለሁ።»

«አባትየውስ የት ነበሩ ያኔ?»

«ከኋላው። ስልክ ይዘው።»

*

በጣቢያው የምርመራ ክፍል አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ አምፖል አለ። አናጢው እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። ጥፍሮቹ ሥር ደም ደርቋል፤ ታጠብ ሲሉት አልታጠበም።

«ሽጉጡን ለምን ነካኸው?»

«እንዲያው… ላየው።»

«ካዝናውን ለምን ነቀልክ?»

«ባዶ እንዲሆን።»

«ከዚያ ለምን ሳብከው?»

«ባዶ መሆኑን ለማወቅ።»

እዚህ ላይ መልሱ በጣም ቶሎ መጣ። ከሌላ ሰው አፍ የተቀበለው ይመስላል። ኢንስፔክተሯ ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት ከጎን ካለው ክፍል «ቀጭ» የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ሌላ ቀጭ፣ ሌላም። የተረኞች ቅያሪ ሰዓት ነው፤ ከሥራ የሚወጡት ሽጉጣቸውን እያስረከቡ ነው። ለእሷ የሰዓት ቆጣሪ ያህል የተለመደ ድምፅ ነው። አናጢው ግን ቀጭ ባለ ቁጥር ከወንበሩ ይነሳል፤ ትከሻው ጆሮው ድረስ ይሸሻል።

«ምን ያስበረግግሃል?»

«ምንም።»

ሕሊናው ነው፣ አለች በልቧ። «ከሚስትህ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም።»

«ሻንጣዋን ጠቅልላ ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኖቿን አያቸው። «ከፍታችሁ አያችሁት?»

«አዎ።»

«እስከ ታች?»

ተነስታ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ሳጅኑ ከኮማንደሩ መልእክት ይዞ ይጠብቃታል። ጋሽ ዒላማ ለኮማንደሩ ደውለዋል፤ ኮማንደሩም ተማሪያቸው ነበር። ጉዳዩ ዛሬውኑ ተጠቃሎ በግድያ ሙከራ ይምጣልኝ ብሏል። ሴትየዋ ኦፕራሲዮን ክፍል ናት፤ ጥይቷ በቀኝ ትከሻዋ ገብታ ሳንባዋን ነክታለች። ከሞተች «ሙከራ» የሚለው ቃል ይሰረዝና አናጢው ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳል፤ ሕፃኑም አያቱ ቤት፣ ያ መሳቢያ አጠገብ ያድጋል።

«ሻንጣውን አምጣ» አለችው።

ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው። ከላይ የሴት ልብስ ነው፤ ሳጅኑ ያየው ይህንን ነው። ከሥሩ የሕፃን ልብስና የሕፃን ወተት ጣሳ። ከሁሉም ሥር ሁለት የወንድ ሸሚዝ፣ የታጠበ ቱታ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ደግሞ የእንጨት መላጊያ።

«ባሏን ጥላ የምትሄድ ሴት የባሏን መላጊያ ተሸክማ ትሄዳለች?» አለች።

ሳጅኑ ጭንቅላቱን አከከ።

«አብረው ሊወጡ ነበር፣ አንተ! ከዚያ ቤት ነው የሚወጡት። እስኪ አሁን ደግሞ ላይ ላዩን አይተህ ሰው ስቀል!»

ስልክ ጮኸ። የቴክኒክ ምርመራ ባለሙያው ነው። «ካዝናው ሁለት ጥይት ይጎድለዋል» አላት። «አንዷ ግድግዳውን በስታ ሴትየዋን የመታችው ናት። ሌላዋ ቤቱን ብንበረብረው የለችም።»

«መጀመሪያውኑ ሙሉ ባይሆንስ?» አለ ሳጅኑ።

ኢንስፔክተሯ ስልኩን ዘጋች። «ሙሉውን ነው የማስቀምጠው» ያለ ሰው ነበር፤ ያውም በገዛ አንደበቱ።

*

የራሷን ሽጉጥ ይዛ ወደ አናጢው ተመለሰች። ጥይቶቹን ሁሉ ውጭ አውጥታቸዋለች፤ ባዶ ካዝናውን መልሳ ከታዋለች። ጠረጴዛው ላይ አደረገችለት።

«ካዝናውን ንቀልልኝ።»

«ምን?»

«ጠዋት የነቀልከውን አሁንም ንቀል።»

አናጢው ብረቱን አነሳ። ገለበጠው። መጫን የሚቻለውን ሁሉ ተጫነ፤ በጥፍሩ ፈለቀቀ፤ ማጠፊያው የጠፋበትን ሣጥን የሚከፍት መሰለ። በመጨረሻ ሥሩን ለማየት አፈሙዙን ወደ ገዛ ሆዱ አዞረው። ኢንስፔክተሯ ከእጁ ቀማችው።

«አንተ ይህን ነገር ከፍተህ አታውቅም!»

አናጢው እጆቹን ወደ ጭኑ ሰበሰበ።

«ማንን ነው የምትሸፍነው? ንገረኝ እንጂ ሰውዬ! በግድያ ልትከሰስ ነው እኮ!»

«እሷ ትንቃ» አለ። «መጀመሪያ እሷ ትንቃ። እሷ ከሞተች ማን ተኮሰ የሚለው ለኔ ምን ይሠራልኛል?»

በሩን ወርውራ ዘጋችው። የተናደደችው በሱ ይሁን ለሱ እሷም አልለየችም። ቢሮዋ ስትገባ ሳጅኑ ለምሳ ሊወጣ ሽጉጡን እያወለቀ ነው። ካዝናውን ነቀለ። ከኪሱ መሀረብ አወጣ፤ በአራት ማዕዘን አጣጠፈ፤ ካዝናውን ከሽጉጡ በስተግራ አጋደመ፤ የጥይቶቹን አፍንጫ ወደ ግድግዳው አዞረ።

ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ቆመች።

«እንዲህ ማስቀመጥ ማን አስተማረህ?»

«ጋሽ ዒላማ ናቸዋ!» አለ ሳጅኑ እየሳቀ። «እርስዎስ ሁልጊዜ እንደዚህ አይደል እንዴ የሚያስቀምጡት? ‹ጥይት አልጋ ላይ ትተኛለች› ይሉን አልነበር? ደግሞ ያቺ የጥይት ቅለባቸው! እኔ እሞክራለሁ ብዬ ጣቴን ነበር የቆረጥኩት።»

ኢንስፔክተሯ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች። «ባሩድ የሌለባቸውን የመለማመጃ ጥይቶች ከመሳሪያ ክፍል አምጣልኝ። ካዝና የሚሞላ። አሁኑኑ።»

*

ፀጉር ሠሪዋ በራፏ ላይ ባዶ ጀሪካን ደርድራ ቆማለች።

«ውሃ መቼ ነው የጠፋው?» አለቻት ኢንስፔክተሯ ከመኪናው እንኳ ሳትወርድ።

«ትናንት ነዋ! ሰፈሩ በሙሉ ጠብታ የለውም። በጀሪካን ነው የማጥበው፤ ደንበኞቼን ጨረስኩ እኮ።»

ጓሮው ውስጥ ጎማው እንደ ተጠቀለለ ነው፤ ሸረሪት ድር አድርታበታለች። ከቲማቲሙ ሥር ያለው አፈር ተሰነጣጥቋል። ኢንስፔክተሯ አንድ ጓል አንስታ በጣቷ ፈጨችው።

ጋሽ ዒላማ ሳሎን ውስጥ፣ ያው ጠረጴዛ አጠገብ ነበሩ። ሹራባቸውን አላወለቁም። ሊነሱ ሲሉ በእጇ መለሰቻቸውና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ሳጅኑ በሩን ይዞ ቆመ።

«ጋሼ፣ ምልምል ሳለን ያሳዩን የነበረውን ላሳይዎ። ከተሳሳትኩ ያርሙኝ።»

«ዛሬ የዚህ ቀን ነው እንዴ፣ ልጄ?»

«ዛሬ የዚህ ቀን ነው።»

የመለማመጃ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አሳየቻቸው፤ ካዝናውን ሞላች፤ ሽጉጡ ውስጥ ከተተች፤ አፈሙዙን ወደ ወለሉ አደረገች። አንድ ጊዜ አቀባበለች፤ ሽጉጡ ጥይት ጎረሰ። ሁለተኛ አቀባበለች፤ የጎረሰው ተፈናጥሮ ወደ ላይ ወጣ። እጇን ሰደደች። አመለጣትና ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«እርስዎ ቢሆኑ ከአየር ላይ ቀልበው፣ ‹ይቺ የኔ ናት› ብለው የደረት ኪስዎ ውስጥ ይከቷት ነበር። እኛም አፋችንን ከፍተን እናይዎታለን። ከዚያ ካዝናውን ነቅለው እዚህ፣ በግራ፣ መሀረብ ላይ። ከዚያ ‹ባዶ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?› ብለው ወደ ግድግዳው ዞረው ቃታውን ይስባሉ። ቀጭ። እናጨበጭባለን።» ካዝናውን ነቅላ ሽጉጡን በሁለታቸው መሀል አጋደመችው። «ይሄ አሁን ባዶ ነው?»

አሰልጣኙ ዓይናቸውን ሽጉጡ ላይ ተከሉ።

የላይኛውን ብረት ሳበች። ሁለተኛ ጥይት ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች።

«ልምምድ ሜዳው ላይ ካዝናው ውስጥ የሚያደርጉት አንዲት ጥይት ብቻ ነበር። ለትርኢቱ። እሷን ከቀለቡ በኋላ የሚቀር የለም። እዚህ ቤት ያለው ካዝና ግን ሙሉ ነው፤ ራስዎ ነግረውኛል። አንዷን ቀለቧት፤ ሌላዋ ተተካች።»

«እኔ ውሃ እያጠጣሁ…»

«ውሃ የለም ጋሼ! ከትናንት ጀምሮ ውሃ የለም!» ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ያ ኪስዎ ውስጥ ያለውን ያውጡ።»

እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ደረታቸው ሄደ። ረጅም ጊዜ እዚያው ቆየ። ከዚያ ሁለት ጣት ገብቶ ጥይቷን አወጣት። ጠረጴዛው ላይ ሲያደርጋት እንኳ አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው አዞራት።

«ልወረውራት ነበር» አሉ። «እጄ እምቢ አለኝ።»

«ለምን አወጡት ሽጉጡን?»

«ልጄ ናት ያናደደችኝ። ‹ሕፃኑ መዳህ ጀምሯል፤ ይሄ ነገር ከዚህ ቤት ካልወጣ እኛ እንወጣለን› አለችኝ። በየጠዋቱ! እኔን! ለከተማው ጥንቃቄ ያስተማርኩትን ሰው! ‹በሉ ቁጭ ብላችሁ ተማሩ፤ የሚገድለው አለማወቅ ነው› አልኳቸው። እሷ አልሰማም ብላ ልብስ ልታጥፍ ገባች። እሱን አስቀመጥኩት። ጥይቷን ቀለብኩ። አጨበጨበልኝ።» በባዶ እጃቸው አየሩን ቀለቡ። «‹አሁን ባዶ ነው› አልኩት። እሱ ‹ጋሼ፣ እሷ እኮ ከወዲያ ናት› አለኝ። ‹ባዶ ነው አልኩህ› ብዬ ሳብኩ።»

ኢንስፔክተሯ ቀዳዳዋን አየች።

«ካዝናው ባዶ ቢሆን የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ቀርቶ ክፍት ይሆን ነበር። ተመልሶ ሲገጥም እንዴት አላዩም? የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ነው እኮ!»

«ጥይቷን ነበር የማየው» አሉ። «እየወጣች ነበራ።»

«አማችዎስ?»

«እሱ አናጢ ነው። ‹አያውቅም፣ ተሳስቶ ነው› ብለው ይምሩታል። እኔን ግን ማን ይምረኛል? ስሜ ነው ያለኝ። ‹አንተ ነኝ በል፤ የኔ ቃል ይታመናል፣ አስፈታሃለሁ› አልኩት።»

«ለኔ ግን ‹ቤቱ ሰላም አልነበረውም› አሉኝ።»

እጃቸውን ወደ ሹራባቸው ቁልፍ ሰደዱ።

«መቼ ነው እሺ ያሰኙት?»

አሰልጣኙ ወለሉን አዩ። «ቁስሏን በሁለት እጁ ይዞ ‹አምቡላንስ ይጥሩ› እያለ ይጮህ ነበር። ስልኩ በእጄ ነበር።»

«እና?»

«እሺ በለኝ አልኩት። ወዲያው ነው እሺ ያለኝ። ወዲያው ደወልኩ። ብዙ አልቆየሁም።»

ኢንስፔክተሯ ተነሳች። ወንበሯ ወደ ኋላ ወደቀ። ከዚያች ሰዓት በኋላ «እሳቸው» የሚለው ቃል ከአፏም ከልቧም ወጣ።

«አንተ!» አለችው። ሳጅኑ በድንጋጤ ቀና አለ፤ ጋሽ ዒላማን አንተ ያለ ሰው ሰምቶ አያውቅም። «ልጅህ እየደማች ስለ ስምህ ትዋዋላለህ?»

«ልጄ፣ ስሜን አታጥፊው» አለ ሽማግሌው። እንባው ሹራቡ ላይ ወረደ። «ግማሹ ፖሊስ የኔ ተማሪ ነው።»

«እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። እጅህን አምጣ።»

ካቴናውን ራሷ አጠለቀችለት። ቀለል አድርጋ ልታስረው አሰበች፤ አልሆነላትም።

*

ሆስፒታሉ የደወለው መንገድ ላይ ሳሉ ነው። ነቅታለች። ቀኝ እጇ እንደ ቀድሞው አይሆንላትም ይሆናል፤ ትተርፋለች ግን። መጀመሪያ ሕፃኑን ጠየቀች፤ ቀጥላ «ባሌ የት ነው?» አለች። አባቷን አልጠየቀችም።

አናጢው ይህን ሲሰማ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሳግ እንጂ ድምፅ አልወጣውም።

«ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» አለችው ካቴናውን እየፈታችለት። ቁጣዋ ገና አልበረደላትም።

«ማን ሊያምነኝ? ጠዋት ሲመጡ ፖሊሶቹ ለሱ ሰላምታ ሰጥተው እኔን አሰሩኝ።»

«እዚህ ጠብቀኝ። ዕቃህን አምጥቼ ራሴ ሆስፒታል አደርስሃለሁ» አለችውና ወጣች።

ኮሪደሩ መሀል ስትደርስ ሰማችው።

ቀጭ።

የማታ ተረኞች ቅያሪ ሰዓት ነው። ይህን ድምፅ ሥራ ከጀመረች ጀምሮ በየቀኑ ሰምታዋለች፤ ራሷም በየቀኑ አሰምታዋለች። ቀጭ፣ አለ እንደገና። ባዶ መሆኑን ለማረጋገጥ ቃታውን ወደ ግድግዳው ነው የሚስቡት፤ ሁልጊዜም ወደ ግድግዳው። ከግድግዳው ወዲያ የምርመራ ክፍሉ ነው። ግድግዳውም ባለፈው ዓመት ቢሮ ሲጠብ አንዱን ክፍል ለሁለት የከፈሉበት ችፑድ ነው። ጠዋት ያ ሰው ለምን ይበረግግ እንደነበር አሁን ገባት።

የማስረከቢያውን በር በእግሯ ከፈተችው። ሰልፍ ይዘው ቆመዋል፤ ካዝናዎቹ በየመሀረቡ ላይ በስተግራ ተጋድመዋል። ተራው የሳጅኑ ነበር። አሰልጣኙን እስር ክፍል አስገብቶ መመለሱ ነው፤ ዓይኑ እንኳ ገና ቀይ ነው። እጁ ግን ተዘርግቷል፤ አፈሙዙ ግድግዳው ላይ ነው፤ ጣቱ ቃታው ላይ ነው።

«አውርድ!»

ሰልፈኛው ሁሉ ደነገጠ። ሳጅኑ ሽጉጡን ወደ ወለሉ አወረደና ግራ ገብቶት አያት።

«ባዶ ነው እኮ፣ ኢንስፔክተር» አለ።

ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው። እየጎተተች በኮሪደሩ ወሰደችው፤ የምርመራ ክፍሉን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ወንበሩ ተገልብጧል። አናጢው ጠረጴዛው ሥር ገብቶ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ ጭንቅላቱን በሁለት ክንዱ ሸፍኖ ይንቀጠቀጣል።

«ለሱ ንገረው» አለችው።